በጠዋት የሚጠፋው ሲስተም

«ሲስተም የለም» ሲባል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ይህን በየመስኮቱ የሚናገሩት የሥራ ባልደረቦቼ ነበሩ፤ ስድቡን የምጠጣው ግን እኔ ነበርኩ። ባለጉዳዩ ቀና ብሎ ሲያይ የሚያየው እኔን ነዋ፣ ገመድ ይዤ ስሯሯጥ።

በዚያ ሰሞን ያስቸገረን ፕሪንተሩ ነበር። ለሁሉም ክፍል የሚያትመው ትልቁ ፕሪንተር ጠዋት ጠዋት ዝም ይላል። ሠራተኞቹ አትም ብለው ደጋግመው ያዝዙታል፣ ትእዛዙ ሰርቨሩ ላይ ይከማቻል፣ ወረቀት ግን አይወጣም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይነሳና ይሠራል። ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁ። የፕሪንተሩን ሶፍትዌር አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ገመድ ቀየርኩ። ምንም! አለቃዬ ጭራሽ በስብሰባ መሐል «ይቺ ልጅ ከስልኳ ሌላ የምታውቀው ያለ አልመሰለኝም» አለና ሰዉን አሳቀብኝ።

ፕሪንተሩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ስዊች፣ ገመዶች የሚሰኩበት ያ ትንሽ ሳጥን፣ የተቀመጠው አለቃዬ ቢሮ ነበር። ደህና ቁልፍ ያለው የእሱ በር ብቻ ስለሆነ እንዳይሰረቅ ተብሎ ነው። አንድ ጠዋት ደውዬ «ሳጥኑ አጠገብ የበራ ነገር ይታይዎታል?» ብዬ ጠየቅኩት። «በርቷል፣ በርቷል፣ ቀይ ነው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ቀለሙን ልብ ሳልል አመንኩት።

ከዚያ አንዲት እናት ከዴራ መጡ። መምጣት ብቻ አይደለም፣ ሲመላለሱ ሰንብተዋል። በጠዋት ይደርሳሉ፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» ይባላሉ፣ ወረቀታቸው ሳይታዘዝ ይመለሳሉ። ዴራ ቆላ ነው፤ የለበሱት ስስ ነጠላ ለአሰላ ብርድ የሚሆን አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። ሟች ባላቸው የተዉላቸውን እርሻ የባላቸው ወንድም የእኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። የይዞታ ማረጋገጫውን ከእኛ አውጥተው በመጨረሻ በመጡበት ቀን ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ማቅረብ ነበረባቸው።

«ልጄ፣ ወላሂ ዛሬ ካላገኘሁ ለእሱ ይፈርዱለታል» አሉኝ። «መሬቱ ከሄደ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?»

በንዴት ተነስቼ ከፕሪንተሩ የሚወጣውን ገመድ በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። በግድግዳው ጥግ ሄዶ በአለቃዬ በር ሥር ይገባል። በሩ ተቆልፏል፤ እሱ ስብሰባ ሄዷል። ተንበርክኬ እጄን ወደ በሩ ሥር ሳስጠጋ ሙቀት መጣብኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

የእሱ ጸሐፊ ትርፍ ቁልፍ ነበራት። «እሱ ሳይፈቅድ? ኧረ እባክሽ፣ ከእንጀራዬ አታፈናቅይኝ» አለች።

«ካልከፈትሽ በሩን እገነጥለዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ግድ አልሰጠኝም። ከፈተች።

ክፍሉ ባዶ ነው። የስዊቹ ስፒና ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጥሏል፤ በእሱ ቦታ የተሰካው ሂተር ፍም መስሎ ቀልቷል። ሰውየው ሲመለስ እንዳይበርደው ባዶ ወንበሩን እያሞቀለት ነበር! ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ሂተሩን ይነቅልና ስዊቹን መልሶ ይሰካዋል። ስደውልለት ያየው ቀይ ነገርም ይኸው ነው፤ የስዊቹ መብራት አረንጓዴ ነበር። እኔ ሰርቨር ስፈታ ስገጥም፣ ሰው ሲስቅብኝ፣ እኚያ እናት ከዴራ ሲመላለሱ፣ ለካ ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው እግር ሙቀት ነው።

ሂተሩን ነቅዬ ስዊቹን ሰካሁት። ወዲያው ፕሪንተሩ ማጓራት ጀመረ። የተከማቸው ሁሉ ተግተልትሎ ወጣ፤ የእሳቸው ማረጋገጫማ ያን ጠዋት ሠራተኞቹ ደጋግመው ስላዘዙት ደጋግሞ ወጣ። መዝገብ ቤት ማኅተም መትተው አንዱን ሰጧቸው። ሊያመሰግኑኝ ሲመጡ እኔ ገና እዚያው ክፍል ገመድ አስተካክላለሁ። ሲስተሙን ያጠፋው ምን እንደነበር ስነግራቸው ሂተሩን አዩት። ገና ስላልቀዘቀዘ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉለት።

አለቃዬ የገባው በዚህ መሐል ነው። «ማነው ቢሮዬን የከፈተው? ሂተሬንስ ማን ነቀለው?»

የምለው ሁሉ አፌ ላይ ደርሷል። እሳቸው ቀደሙኝ። ሂተሩን አዩ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ገመድ አዩ፣ እሱን አዩት።

«ያ ረቢ! ሲስተም የለም፣ ሲስተም የለም የሚሉኝ ለካ እርስዎን በርዶዎት ነው?»

ስድብ አልነበረም። ከልባቸው አዝነውለት ነው። ወረቀቱን ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ በሩ ሄዱና መለስ አሉ።

«መሬቴን ካልወሰዱብኝ አንድ ቀን ዴራ ይምጡ። እኛ ዘንድ አይበርድም።»