ባዶ መርፌና የማይለቅ ድካም

የምሠራው ወረታ ውስጥ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው። ድካሙ የጀመረኝ ከባድ ወባ ታምሜ ከተነሣሁ በኋላ ነው። ወባው ለቀቀኝ፤ ድካሙ ግን ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሣ ጆንያ ሲሸከም ያደረ ሰው እመስላለሁ። ከደጄ እስከ መፈልፈያው ቢጣሩ ይሰማል፤ እሷኑ አጭር መንገድ በባጃጅ እሄድ ጀመር። ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ተመረመርኩ። ደሙም ሽንቱም ደህና ነው ተባልኩ። «ደህና ከሆንኩ ታዲያ ምነው አልነሣ አልኩ?» ብል መልስ ያለው አልተገኘም። ሰፈርተኛው ግን መልስ አላጣም፤ ገሚሱ ዓይን ነው አለ፣ ገሚሱ ስንፍና።

ከመፈልፈያው ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ፤ ሐጂ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ አገኙኝና፣

«ባሕር ዳር፣ ቻይና ተምራ የመጣች ሐኪም አለች። በመርፌ ነው የምታክመው። የኔን ወገብ ያቃናችው እሷ ናት» አሉኝ።

«ምን ያለበት መርፌ ነው፣ ሐጂ?»

«ምንም የለበትም፤ ባዶ ነው። ትሰካዋለች፣ ትተወዋለች፣ ኋላ ትነቅለዋለች።»

ለባለቤቴ ስነግራት ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። «አንተ? ነርሷ መርፌ ስታነሣ ጫማህን ጥለህ የወጣኸው ሰውዬ?»

ሐጂም የሚታዩበት ቀን ስለደረሰ አብረን ተሳፈርን። መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ከተማ፣ ሚኒባሱ ሰው ሲጭን ወርጄ ልመለስ ዳድቶኝ ነበር፤ ሐጂ ግን በበሩ በኩል ተቀምጠው «እኔን ተራምደህ ነው የምትወርደው?» አሉኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ሐሳቤ ሁሉ ጠየቀችኝ። ከዚያ «ምላስዎን ያውጡልኝ» አለች። ልጅ ሳለሁ ለሰው ምላስ አውጥቼ የተቆነጠጥኩት ትዝ ቢለኝ ሳቅሁ፤ ስነግራት እሷም ሳቀች። መርፌው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ «ሲጀምሩ ይንገሩኝ» ስላት፣ «እግርዎን እኮ ጨርሻለሁ» አለችኝ። እጄ ላይና በቅንድቦቼ መካከልም ሰካችብኝ። ተራቸውን የሚጠብቁት ሐጂ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው «ጃርት መሰልክ!» አሉ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሐጂ «ማንኮራፋትህ የመፈልፈያውን ሞተር ያስንቃል» አሉኝ።

ሐኪሟ ስታሰናብተኝ እውነቱን አልደበቀችኝም። «አንዳንዱን ሰው ይረዳዋል፣ አንዳንዱን አይረዳውም። ምርመራዎን አያቋርጡ። ሻል ሲልዎም ሥራ በአንዴ አያብዙ» አለች።

ክረምቱን እየተመላለስኩ ተወጋሁ። መርፌው ይሁን፣ እዚያ የምተኛው እንቅልፍ ይሁን፣ ከሐጂ ጋር መንገድ ለመንገድ የምንስቀው ሳቅ ይሁን፣ ዛሬም ለይቼ አላውቅም። ብቻ ቀስ በቀስ ጠዋት ስነሣ ሰውነቴ የራሴ ይመስለኝ ጀመር።

የክረምቱ ውኃ ከሜዳው ሸሽቶ ሩዙ ሲደርስ ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል፣ እኅቴ ዘንድ ሄድኩ። ለአጨዳው ደቦ ጠርታ ነበር። «አንተ ጥላ ሥር ተቀመጥ» ብትለኝ እምቢ ብዬ፣ ማጭድ ይዤ ከአጫጆቹ መሐል ገባሁ። ብዙ አላጨድኩም፤ ላብ ሲያጠምቀኝ ወጣሁ። እኅቴ ደንግጣ፣

«ደከመህ እንዴ?» አለችኝ።

«ደከመኝ። ራበኝም።»

በልተው ሲተኙ የሚለቅ ድካም እንዴት ናፍቆኝ እንደነበር ያን ዕለት አወቅሁ። እኅቴ ፊቴን አየት አደረገችና፣ ሌሎቹን ሳትጠብቅ ምሳዬን አቀረበችልኝ።