«ዛሬም ጅራፉ አገኘኝ»

«ዛሬም ጅራፉ አገኘኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን፣ ያውም ሁለቴ።»

ይህን ያለችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ናት። እኔ ወጥ ቤት ምስር እለቅማለሁ፤ እሷ በረንዳው ላይ እግሯን ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራለች። ሰፌዱ ከእጄ አልወደቀም፤ ሰፌድ የሚወድቀው በልቦለድ ውስጥ ነው። ለቅሜ ያወጣሁትን ጠጠር ግን መልሼ ምስሩ ውስጥ ጣልኩት።

«ኮቹማ ምን ይላል!» አለች ቀጥላ። «‹እግርሽን ቶሎ ካልሰበሰብሽ ገና ትቀምሺዋለሽ› ነው የሚለኝ። ኧረ አላለቅስም! አንድ ቀን ብቻ ነው ያለቀስኩት።»

ጅራፍን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ያደግሁት ዘመድ ቤት ነው፤ እዚያ ቤት፣ ከበሩ ኋላ፣ ከቆዳ የተጎነጎነ ጅራፍ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ከብት አልነበረንም። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ፣ እኩዮቼ ሚኒስትሪ ተፈትነው በጨረሱበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለቃል ይሰስታል። ዛሬ የምተዳደረውም በአራሚነት ነው፤ ሌሎች የጻፉትን ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አነባለሁ። አርጩሜ ሌላ ነው፣ አለንጋ ሌላ ነው፣ ጅራፍ ሌላ ነው። ጸሐፊዎች ሲያደባልቁብኝ ከሥሩ አሰምርበታለሁ። ልጄ አርጩሜ አላለችም። ጅራፍ ነው ያለችው።

ስለ ልጄ ስኩተር ልንገራችሁ። ባለቤቴ ጎሚስታ ቤት አለው። አንድ ደንበኛው ልጆቹ ሲያድጉበት የተረፈውን ስኩተር ሰጠውና ወደ ቤት ይዞት መጣ። ሕፃናት በአንድ እግራቸው እየገፉ የሚሄዱበት ዓይነት አይደለም፤ ይከብዳል፣ አይታጠፍም፣ የተሠራው ለትርኢት ነው። ይዘሉበታል፣ አየር ላይ ያሽከረክሩታል ይባላል። «ይባላል» የምለው አይቼው ስለማላውቅ ነው፤ እኔ ከሁለተኛ ፎቅ ቁልቁል ማየት የማልደፍር ሰው ነኝ። ሰፈራችን ዳገት ነው፣ መንገዱም ኮብልስቶን፤ ጥርስ ያራግፋል እንጂ ስኩተር አያስነዳም። ስለዚህ ልጄ ትሸከመውና ሸጎሌ ወዳለው አዲሱ ኮንዶሚኒየም ትወርዳለች። እዚያ የመኪና ማቆሚያው ሲሚንቶ ልስልስ ያለ ነው፤ ከልጆቹ የሚበልጥ አንድ ወጣት ሰብስቦ ያለማምዳቸዋል። «ኮች» ይሉታል።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ምሳ ላይ ሹካና ማንኪያው በእጇ እየዘለለ ይገለበጣል። የመኝታ ቤቷ ግድግዳ በጎማ ጭረት ጠቁሯል። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ምላሷ ነው። እኛ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ አማርኛ ያለው ነገር በአማርኛ ይጠራል። እሷ ግን ከሸጎሌ በተመለሰች ቁጥር አፏ ሙሉ የፈረንጅ ቃል ይዛ ትገባለች።

«አማርኛ የለውም?» እላታለሁ።

«እማ፣ ስኩተርስ አማርኛው ምንድነው?»

አሰብኩ። አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩ።

«እሺ፣ እሱን ተዪው» አልኳት በማግስቱ። «የቀረውን ግን ፈልጊለት።»

አባቷ ዳቦውን እያላመጠ «ጎሚስታንም ፈልጊለት እንጂ» አለ።

ያን ዕለት፣ የጨው ውሃውን ደፍታ እግሯን ስታደራርቅ ፎጣ የማቀብል መስዬ ጎንበስ አልኩ። ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ቅልጥሟ በልዟል። የሰነበተው ቢጫ ሆኗል፣ የዛሬው ሰማያዊ ነው። አንዱ በሌላው ላይ፤ ቦታ ተመርጦለት የተመታ ይመስላል።

«ምን መታሽ?»

«ስኩተሩ ነዋ እማ፣ ምን ይመታኛል?»

ቶሎ መለሰች። እኔም በእሷ ዕድሜ ማን መታሽ ስባል «ወድቄ ነው» እል ነበር፤ ቶሎ። ስለዚህ ደግሜ አልጠየቅኋትም። የተገረፈ ልጅ ጥያቄ ሲበዛበት ውሸቱን ነው የሚያሳምረው።

ጠዋት ባለቤቴ ቱታውን ሲለብስ ጠብቄ ያዝኩት። ከተጋባን ጀምሮ ይህ ሰው እጁን በሰው ላይ ሲያነሳ አላየሁም። ለበዓል በግ ሲታረድ እንኳ ሰበብ ፈልጎ ከግቢ ይወጣል።

«ልጅቷን ጅራፍ እንደሚመታት ታውቃለህ?»

«አዎ» አለኝ፣ ዚፑን እየዘጋ።

«አዎ?!»

«ነግራኛለች እኮ። ምን ታድርግ? ሳይመታ አይለመድም። ሁሉም እንደዛ ነው የለመዱት አሉ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። «አንተስ? አንተ ምን አደረግክ?»

«እኔማ ላስቲክ ቆርጬ ሰጠኋት፣ እግሯ ላይ እንድታስረው። ያስጠላል ብላ አልጋ ሥር ወረወረችው። የዛሬ ልጅ! ከሚያፍር ቢገረፍ ይመርጣል።» እየሳቀ ወጣ።

አልጋው ሥር አጎነበስኩ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ጥቁር ላስቲኮች አሉ፣ ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ የተቆረጡ፣ ጠርዛቸው ተስተካክሎ፣ ማሰሪያቸው በጥንቃቄ ተሰፍቶ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳቸው። አብሬው የምኖረው ሰው ልጁን ሲገርፏት፣ እንዳያማት ላስቲክ የሚቆርጥ ሰው ነው ማለት ነው? በግ ሲታረድ ማየት የማይችለው ሰው? ላስቲኮቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ማስረጃ ይሆኑኛል ብዬ ነው።

ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ስኩተሯን ተሸክማ ስትወጣ ዝም ብዬ ሸኘኋት። ጥቂት ቆይቼ ጃንጥላዬን ያዝኩና ተከተልኩ። ዝናብ አልነበረም።

ጳውሎስ ጋ «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ፣ አንድ ሰው!» የሚል ታክሲ አገኘሁ። መንገዱ ከብት ተራው አካባቢ ሲደርስ ተዘጋ፤ በሬዎች እየተነዱ ይሻገራሉ። ከኋላቸው የሚነዳው ሰውዬ ጅራፉን አየር ላይ አዞረና አጮኸው። ጧ! ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። ዘቢሏን ታቅፋ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ለከብቱ ነው።»

ለከብቱ ነው። እሱንማ አውቃለሁ። ከብት በሌለበት ቤት ለማን እንደሆነም አውቃለሁ።

ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ እንደደረስኩ የልጆች ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ድምፅ ነው፤ በእጅ ጭብጨባ ታጅቦ፣ አንድ ላይ።

«ጅራፍ! ጅራፍ! ጅራፍ!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እያጨበጨቡ? ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም፤ በነጠላ ጫማ እንደሮጥኩ ግን ልጄ እስከዛሬ ትነግረኛለች። ልጆቹ ክብ ሠርተዋል። ከመሃል ልጄ ብቻዋን ስኩተሯን ይዛ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ፂሙ ገና ያልሞላ ቀጭን ወጣት ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቷል።

«እጅህን አውርድ!»

ጭብጨባው ቆመ። ዝምተኛ ሴት ነኝ፤ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«ማዘር?» አለ ወጣቱ። እጁ እንደተነሳ ቀርቷል።

«እናትህ አይደለሁም! እጅህን አውርድ ነው ያልኩህ። ጅራፉ የታለ? የት ደበቅኸው?»

ጃንጥላዬን ወደ ደረቱ ቀስሬአለሁ። ወጣቱ እጁን አወረደና ጃንጥላውን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ።

«ማዘር፣ ይቅርታ፣ ይረጋጉ። እ... ማለቴ... እጄን ያነሳሁት እኮ ‹ሂጂ› ልላት ነው። ጅራፉ ደግሞ... በእጅ የሚያዝ ነገር አይደለም እኮ።»

አንዱ ትንሽ ልጅ «ስኩተሩ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። ፊቷ ልውጥውጥ ብሏል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላታል።

«እማ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ጅራፍ ይመታኛል ስትዪ ሰምቻለሁ።»

«ቴይልዊፕ ነዋ እማ! ቴይልዊፕ!» ስኩተሩን በእጀታው ብድግ አደረገችው። «ስዘል እጀታውን እይዛለሁ፣ መቆሚያው ደግሞ እግሬ ሥር ይሽከረከራል። እግሬን ቶሎ ካልሰበሰብኩ ዞሮ ይመታኛል። ራስሽ አይደለሽ አማርኛ ፈልጊለት ያልሽኝ? ቴይል ጅራት ነው፣ ዊፕ ጅራፍ ነው። የጅራት ጅራፍ ሲረዝም ጅራፍ አልኩት!»

«አሁን እዚህ ሁሉም ጅራፍ ነው የሚለው» አለ ወጣቱ በትሕትና። «ስም ያወጣችለት እሷ ናት፣ ማዘር።»

ጃንጥላዬን ዝቅ አደረግሁ። ባለቤቴ የተናገረው አንድ በአንድ ተመለሰልኝ፤ ሳይመታ አይለመድም፣ ላስቲክ ቆርጬ ሰጠኋት። ተረቱን ደግሞ ማን ያጣዋል? ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። በሌሎች ጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ አርሜዋለሁ። እኔ ያወጣሁት ሕግ፣ እኔ ፈልጊ ያልኳት ቃል፣ ዞሮ እኔኑ መታኝ። የመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ወጣቱ ውሃ አመጣልኝና ልጆቹን ወደዚያ ራቅ አደረጋቸው።

ልጄ ስኩተሯን እንደያዘች አጠገቤ መጥታ ቆመች። ንዴቷ ገና አልበረደም።

«ሰው በጅራፍ የሚገርፈኝ መስሎሽ ነው? እንዴት እንደዛ ታስቢያለሽ? አሁን በጅራፍ የሚገረፍ ሰው አለ?»

«አሁን አላልኩም።»

«ታዲያ በጅራፍ የተገረፈ ሰው ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ማንን?»

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነገርኳት ነገር ነበር። መንገርም አላሰብኩም ነበር፤ ያ ቃል ቤቴ እንዳይገባ ነበር ዝም ያልኩት። እሱ ግን በሌላ በር ገብቶ፣ ልጄ አፍ ላይ ጨዋታ ሆኖ ተቀምጧል።

«እኔን» አልኳት።

ስኩተሩ ከእጇ ወደቀ። ለአንዲት ጭረት ስንት ቀን የምታዝንለት ስኩተር ሲሚንቶው ላይ እየተንጓጓ ወደቀና ጎንበስ ብላ እንኳ አላየችውም። ዓይኗ አንገቴ ላይ ነው፤ በጋም ክረምትም እስከ ላይ የምቆልፈው ኮሌታዬ ላይ። ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ስሙን እቀይረዋለሁ» አለች። «ዛሬውኑ። ሁሉም እንዲተዉት እነግራቸዋለሁ።» ከዚያ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞራ፣ በቀጭን ድምፅ፦ «ከፈለግሽ... እሱንም እተወዋለሁ። ስኩተሩን።»

እውነቷን ነው። «ተዪው» ብላት ኖሮ ያን ቀን ትተወው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የበለዘው ቁርጭምጭሚቷ ዓይኔ ሥር ነው፤ የፈራሁት ጅራፍ ባይኖርም የሚመታት ነገር አለ። ግን ደግሞ እዚያ ቤት ስመታ መተው የሚባል ነገር በእኔ እጅ አልነበረም። የእሷ ግን በገዛ እጇ ነው። እዚህ በጠዋት ተሸክማው የምትመጣው ማንም ልኳት አይደለም።

ቦርሳዬን ከፍቼ ላስቲኮቹን አወጣሁ።

«መጀመሪያ እነዚህን እሰሪ።»

«እማ! ሰው እያየ?»

«ሰው እያየ። ከዚያ አሳዪኝ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ አሰረቻቸው፤ ግራውን አጥብቃ፣ ቀኙን አጥብቃ። ትንሹ ልጅ «እዩዋት፣ ጎማ ቀየረች!» ሲል ምላሷን አወጣችበት። ወጣቱ እጁን ሊያነሳ ነበር፤ እኔን አየና ኪሱ ውስጥ ከተተው። በአገጩ «ሂጂ» አላት።

መጣች። ለመዝለያ ከእንጨት በተሠራች ትንሽ ዳገት ላይ ወጣችና ዘለለች። ስኩተሩ ከእግሯ ሥር ተለይቶ ሄደ። እኔ የወለድኳት ልጅ አየር ላይ ናት፤ እጇ እጀታውን ይዟል፣ እግሯ ሥር ግን ምንም የለም። ምንም። መቆሚያው ዙሪያዋን ሲሽከረከር በሬ ነጂው አየር ላይ ያዞረውን ቆዳ መሰለኝ፤ ትርጉሟ ልክ ነበር፤ አንድ ፊደል አይታረምም። ዞሮ መጣና መታት።

ጧ! የጮኸው ላስቲኩ ነው። ልጄ በጉልበቷ ወደቀች፤ ተነሳች፤ ልብሷን አራገፈች። ወደ ኮቹ አላየችም። ወደ እኔ ነው ያየችው።

«አልያዝኩትም። ልድገመው?»

ላስቲኩ በቦታው መሆኑን አየሁ።

«ስሙንስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ስሙ ይቆይ» አልኳት። «ድገሚው።»

ልጆቹ እኔን በስርቆት እያዩ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እየጨመሩ ማጨብጨብ ጀመሩ። ጅራፍ። ጅራፍ። ጅራፍ! ትከሻዬ እንደለመደው ጆሮዬ ድረስ ወጣ። ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም።