አባቴ ፒክአፑን የሚያቆምበት ደረጃ

አባቴ ፒክአፑን ሁልጊዜ የሚያቆመው ከአጥራችን ውጭ ካለው የሲሚንቶ ደረጃ አጠገብ ነበር። ደረጃው ላይ ወጥቶ በቀላሉ ጋቢና ይገባል። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ከሜዳ ላይ መሳፈር አይችልም። ይህን ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዲታወቅበትም አይፈልግም።

መኪናውን ከፍ ያስደረገው ራሱ ነው። የቱሉ ዲምቱ መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ድንጋይና አሸዋ ሲያመላልስ የክረምቱ ጭቃ ከሥር እየያዘ ስላስቸገረው ባሌስትራ አስጨመረ፤ ትልልቅ ጎማም አስገባ። የሰፈር ልጆች «ዝሆኑ መጣ!» ይሉት ነበር።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ስመለስ መኪናው ለሽያጭ ቀርቦ አገኘሁት። ገዢ ነን የሚሉ ይመጣሉ፣ ኮፈኑን ያስከፍታሉ፣ ሞተሩን ያስነሱታል፣ «እንደዋወላለን» ብለው ይሄዳሉ። ለምን እንደምንሸጠው ለሁሉም ያንኑ መልስ መስጠት ሰልችቶን ነበር።

አንድ ቀን ደላላው አጠር ደልደል ያሉ ሰውዬ ይዞ መጣ።

«ለምንድን ነው የሚሸጡት?» አሉ ሰውዬው።

«ለልጅቷ ትምህርት» አለ አባቴ። የምማረው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ቢሆንም እውነት ነው በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

አባቴ ከደረጃው ተሳፍሮ መኪናውን ወደ አስፋልቱ አወጣውና ሞተሩን ሊያሳያቸው ወረደ። አይተው ሲጨርሱ «እስቲ አሁን ትንሽ ይንዱልኝ» አሉት። አባቴ የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። ዙሪያው ሜዳ ነው።

«አባባ፣ ምነው? መኪናው አኮረፈዎት እንዴ?» አለ ደላላው።

እጄን ብዘረጋለት ነገሩ ይታወቃል። ስለዚህ ወደ ሰውዬው ዞሬ «ጋሼ፣ የሚገዙት እርስዎ አይደሉ? ራስዎ ቢነዱት አይሻልም?» አልኩ።

ደስ አላቸው። አንድ እግራቸውን ሰቅለው ተንሸራተቱ። ደገሙት፤ አሁንም አልሆነም።

«ኧረ ግፋኝ እንጂ አንተ! ኮሚሽንህን በነፃ ልትበላ ነው?» ብለው ደላላው ላይ ጮኹ። እሱም በትከሻው ደግፎ አወጣቸው። አባቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት።

ነድተው ሲመለሱ «ሞተሩ ሸጋ ነው፣ እወስደዋለሁ» አሉ። «ግን መጀመሪያ ዝቅ አስደርገዋለሁ። ጋራዥ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።»

የአባቴ ሳቅ ቆመ።

መኪናው የተወሰደ ዕለት አብረን ደጅ ቆመን ሸኘነው።

«አባዬ፣ እኛስ ዝቅ ብናስደርገው ኖሮ?» አልኩት።

«እንደሚቻልማ አውቃለሁ» አለኝ። «ያኔ ሰዉ ለምን ዝቅ አደረግኸው ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።»

ጉልበቱን ይዞ ቀስ እያለ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።