ባለቤት የተገኘለት ዜማ

ሐዋሳ ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ አዋሳ ትባል ነበር። ፒያሳ ላይ፣ የሙክታር ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ታቢታ ትባላለች። አባቷ በይርጋለም ዙሪያ ወንጌላዊ ነበሩ። ሲዳምኛን ከእናቷ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ ዜማን ደግሞ ከመዘምራን ወንበር ላይ ነው የተማረችው። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስትሰፋ ከንፈሯ አያርፍም። ሙክታር ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ቆይቶ ድንገት ዝም ብሎ ጆሮውን ወደ በረንዳው ከጣለ፣ ታቢታ አዲስ ነገር እየሞከረች እንደሆነ ደንበኞቹም ያውቁ ነበር።

ያደገችበት የመዘምራን ቡድን ግን ተበትኗል። ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ ከቆየ በኋላ መስቀሉ ወርዶ የቀበሌ አዳራሽ ሆነ። ከመዘምራኑ ያልሸሹት ጥቂቶች ቡሹሎ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ኩማ በሚባሉ ዓሣ አስጋሪ ቤት እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ መዘመር ጀመሩ። መዘመር ከተባለ ነው፤ በሹክሹክታ ነበር። የድሮዎቹ መዝሙሮች ድምፅ ካልተነሣባቸው አይሆኑም፣ ሲያፍኗቸው ይሞታሉ። ስለዚህ ታቢታ ለዚያ ቤት የሚሆን ዜማ አወጣች፤ ከታች ተነሥቶ እዚያው ታች የሚመላለስ፣ ከአጥር የማያልፍ። መጀመሪያ የዘመሩት ዕለት፣ መሐሉ ላይ ሲደርሱ የአብዮት ጥበቃዎች በአጥሩ ጥግ አለፉ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ኮቴው ሲርቅ ካቆሙበት ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ጥበቃ ኖረም አልኖረም እዚያች ቦታ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ ዝምታው የዜማው አካል ሆኖ ቀረ።

በሌላ በኩል ታቢታ የኪነት ሰውም ነበረች። መጀመሪያ ቀበሌው የጠራት ለተወዛዋዦቹ ልብስ እንድትሰፋ ነው። እየለካች ስታንጎራጉር ሰሟትና ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዜማ እንድታወጣ አዘዟት። አወጣች። ዜማው በሬዲዮ ሲተላለፍ ግን የተጠራው የሌላ ሰው ስም ሆነ፤ ታቢታ ለብዙ ቀን እንቅልፍ አጣች። እንደሷ ያኮረፈ ብዙ ነበር። የአንዱ ቀበሌ ኪነት የሌላውን ዜማ ነጥቆ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ተነጣቂው ይሳደባል፣ አንድ ጊዜማ በልምምድ ቦታ በወንበር እስከ መፈናከት ተደረሰ። ይኼኔ ነው የግጥምና የዜማ ደራስያን ኮሚቴ የተቋቋመው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ይልማ፣ ዕድሜያቸው የገፋ መምህርና ግጥም ጸሐፊ ናቸው። ታቢታም አባል ሆና ተመረጠች።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተነሥታ ያቀረበችው ሐሳብ ደንብ ሆኖ ጸደቀ። ዜማ መድረክ ላይ ሲወጣ የደራሲው ስም ይጠራ፤ ጠብ ከተነሣ ኮሚቴው ሁለቱንም ሰምቶ እጅ በማውጣት ይወስን፤ ኮሚቴው የወሰነውን ማንም አይሻር። ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ማንም ስትይ በእርግጥ ማንም ማለትሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። አዎ አለች።

በ1974 ዓ.ም. የአብዮቱ በዓል ተከበረ። ታቢታ ከቀበሌዋ ሴቶች ጋር አደባባይ ተሰልፋ ቆማለች። የክፍለ ሀገሩ ኪነት ሲወጣ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ፍቅሬ አኮርዲዮኑን አንግቶ ከፊት ነበር። ፍቅሬን የማያውቅ አልነበረም። ሎጋ፣ ኩሩ፣ አንዴ የሰማውን የማይረሳ ጆሮ ያለው። ወዳጆቹ እንኳ «ፍቅሬ ፊት አታፏጭ» ይላሉ። የመድረክ መሪው የዜማውን ደራሲ ስም ጠራ፤ ፍቅሬ። ከዚያ አኮርዲዮኑ ተነፈሰ፣ ታቢታም በቆመችበት ደረቀች።

ዜማው የእሷ ነበር። ግጥሙ ስለ ምርትና ስለ ዘብ የሚያወራ ሆኖ፣ ጥሩምባና ከበሮ ተጨምሮበት፣ በድምፅ ማጉያ ወደ ሐይቁ ይጮሃል። ለሹክሹክታ የተሠራው ነገር እንደዚያ ሲጮህ ስትሰማ እርቃኗን ያቆሟት ያህል ተሰማት። መሐሉ ላይ ሲደርሱም ቆሙ፤ ያቺኑ ዝምታ እንኳ አልተዉላትም።

ወዲያው ሌላ ነገር ሆነ። መብራት ተቋረጠና የድምፅ ማጉያው ጠፋ። ዘፈኑ ሲቋረጥ ግን ዜማው አልቆመም። ከሴቶቹ ሰልፍ መሐል፣ ከታች፣ ሳያስቡት ጥቂት ድምፆች ቀጠሉት፤ ቃሉም የአብዮት ቃል አልነበረም። አንድ ስንኝ እንኳ አልሞላም። ነቅተው ዝም አሉ። ታቢታ ዞር ስትል የፍቅሬን ሚስት ደብሪቱን አየቻት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ደብሪቱ ባሏ ሳያውቅ ቡሹሎ ትመጣ ነበር። ከመድረኩ ሥር ደግሞ አንድ ካኪ የለበሰ ሰው ፊቱን ወደ ሴቶቹ አዙሮ ቆሞ ነበር።

ታቢታ ያን ቀን ያየችው ንዴቷን ብቻ ነው። በማግስቱ ጋሽ ይልማ ቤት ሄዳ አቤቱታዋን አሰማች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሟትና፣ አንዳንድ ነገር ሲጠፋ ዝም ማለት ይሻላል አሏት። እሷ ግን ደንቡን አስታወሰቻቸው። ቀን ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ደብሪቱ የሚጠበብ ቀሚስ ይዛ በረንዳው ላይ መጣች። ሙክታር ወደ ውስጥ እስኪገባ ጠብቃ፣ ታቢታ ወገቧን ስትለካት ጎንበስ ብላ ነገረቻት። ልብስ ሳጥብ አንጎራጉራለሁ፤ ፍቅሬ ከበስተኋላዬ ሆኖ ሰምቶኛል፤ ከየት አመጣሽው ሲለኝ የልጅነቴ ነው አልኩት።

«እህት ታቢታ፣ የኔ ነው ካልሽ ከየት እንደሰማው ይጠይቁታል» አለች። «እሱ ደግሞ ስለ ቡሹሎ ምንም አያውቅም። ከሚስቴ ነው የሰማሁት ይላቸዋል።»

የታቢታ እጅ መለኪያውን ይዞ ቀረ። ስለ ክብሯ ስታስብ ስለ ኩማ ቤት አላሰበችም ነበር። የዚያኑ ቀን ስፌቷን ትታ ወደ ጋሽ ይልማ ሮጠች። አቤቱታውን ትቼዋለሁ አለቻቸው። ጋሽ ይልማ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«ልጄ፣ ዘግይተሻል» አሏት። «በዕለቱ እንግዳ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው እንዳለ ተነግሮኛል። መቅረት አይቻልም፣ አንቺም እኔም።»

ስብሰባው በዚያው የድሮው ቤተ ክርስቲያን ነበር። አግዳሚዎቹ አልተለወጡም። ታቢታ የተቀመጠችው መዘምራኑ ይቀመጡበት ከነበረው ላይ ነው። ካኪ የለበሰው ሰው የመጨረሻውን አግዳሚ ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። ስሙን ማንም አልተናገረም፣ ማንም አልጠየቀም። ሲገባ ሁሉንም በትሕትና ጨብጧል።

ፍቅሬ እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ከሳሹ ልብስ ሰፊዋ መሆኗን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ነበር። ዜማው ከራሱ እንደፈለቀ፣ ከማንም እንዳልተቀበለ ለኮሚቴው አስረዳ፤ ተጫወት ሲሉትም አኮርዲዮኑን ይዞ ተጫወተ። መሐሉ ላይ ደርሶ ሲያቆም ሰውየው ከኋላ ተናገረ።

«እዚህ ጋ ለምን ያቆማል?»

ጥያቄው የማወቅ ጉጉት ብቻ ይመስል ነበር። ፍቅሬ ጣቶቹን ከአኮርዲዮኑ ቁልፎች ላይ አነሣ። ታቢታ ስታየው ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየች። ሚስቱ በሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ እዚያች ቦታ ስትደርስ እጇን ከውሃው አውጥታ ዝም ስትል ታይቶት ይሆናል። ዓይኑ ወደ ታቢታ ዞረ፤ እሷም መሬት መሬት አየች። ይህ ብቻ በቃው።

«ሰልፈኛው እግሩን እንዲመታበት ነው» አለ ፍቅሬ።

«በበዓሉ ቀን ማንም እግሩን አልመታም።»

«ልምምዱ አልደረሰም ነበር።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ይልማ ፈጠን ብለው ወደ ታቢታ ዞሩና ምን ትያለሽ አሏት። ተሳስቼ ነው፣ ከኔ አንድ ዜማ ጋር የሚመሳሰል መስሎኝ ነው አለች። ሰውየው ታዲያ የማን ነው አለ፤ ዜማ ባለቤት ከሌለው ከየትም ሊገባ ይችላል፣ ከጠላት ቤትም ቢሆን።

«የእኔ ነው» አለ ፍቅሬ።

«ከማን ሰማኸው?»

«ከማንም። የእኔ ነው አልኩ።»

ሰውየው እንግዲህ ደንባችሁ እንደሚለው ወስኑ ብሎ ተደገፈ። ጋሽ ይልማ ዜማው የፍቅሬ ነው የሚል እጁን ያውጣ አሉ። አንድ በአንድ እጆች ወጡ። የታቢታ እጅም ወጣ። በኋላ ስትናገር፣ ያ እጅ በሕይወቷ ካነሣችው ሸክም ሁሉ የከበደው እንደነበር ትላለች።

ዜማው ያንተ ከሆነ ሴቶቹ በመዝሙር ቃል የት ዘመሩት ብለው ፍቅሬን የወሰዱት ሳምንቱ ሳያልቅ ነው። ደብሪቱ ስንቅ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ላኳት፣ ከዚያም ወደ ሌላ። በመጨረሻ ስንቁን ተቀበሏት፣ እሱን ግን አላሳዩዋትም። ታቢታ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ለብሳ ሰውየው ወደሚሠራበት ቢሮ ሄደች። በሩ ላይ ብዙ አላስጠበቋትም፤ የሚጠብቃት ይመስል ነበር። ወንበር ሰጣት። ዜማው የኔ ነው፣ ፍቅሬ ምንም አያውቅም አለች።

«ጓድ ታቢታ፣ ዜማው ባለቤት አለው» አላት። «ኮሚቴያችሁ ወስኗል፤ አንቺም እጅሽን አውጥተሻል። ኮሚቴው የወሰነውን ማንም አይሽርም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጠጋ ብሎ፣ የኔ ነው ካልሽ ግን ለመስማት ዝግጁ ነኝ አለ። በምን ቃል ነበር የምትዘምሪው? ከማን ጋር? የት?

ታቢታ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። የአንድ ሰው ነጻነት በሌሎቹ ሁሉ ስም እንደሚገዛ ገባት። ኩማ አሉ፣ ደብሪቱ አለች፣ ልጆች ያሏቸው እናቶች አሉ። ሰውየው አልተቆጣም፣ አልቸኮለም። ስትወጣ በሩን ራሱ ከፈተላት።

የቡሹሎው ስብሰባ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቆመ። ኩማ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ዘመዶቻቸው አገር ገቡ። ታቢታ ለደብሪቱ ልጆች ልብስ እየሰፋች ትልክላት ነበር። በረንዳው ላይ ግን ማንጎራጎሯን ተወች። ሙክታር አንድ ቀን እንደ ቀልድ፣ ሱቄ ዝም አለብኝ አላት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ነገሩን አልደገመውም።

ጋሽ ይልማ ጡረታ ወጡ። የእሳቸውን ቦታ ታቢታ እንድትይዝ ከላይ ታዘዘ። ማን እንዳዘዘ አልተነገራትም፤ እምቢ ማለትም የማይታሰብ ነበር። ሰውየውም በየስብሰባው እየመጣ ያንኑ የኋላ አግዳሚ ያዘ። በእሷ ሊቀመንበርነት ጊዜ ኮሚቴው ጠብ አልነበረበትም። አንድ ደራሲ ዜማ ሲያቀርብ፣ የማን ነው ብላ በደንቡ መሠረት ትጠይቃለች፤ ደራሲው ከሕዝብ ያገኘሁት ነው ይላል። እሷም ጥሩ ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ይህን መልስ አንድ ሁለቱን አስቀድማ በረንዳው ላይ አስተምራቸው ነበር፤ ሌሎቹ ከእነሱ ለመዱት። የሠሩትን ክደው ሲወጡ ታያቸውና ለዚያን ቀን ትንፋሿ ይመለሳል። ስሜ ይጠራ ብላ የታገለችው ታቢታ፣ ስም ሳይጠራ የዋለበትን ቀን መልካም ቀን ማለት ጀመረች።

ፍቅሬ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ተፈታ። ከስቷል፤ ግራ ጆሮው አይሰማም። ሱሪዎቹን ለማስጠበብ በረንዳው ላይ ሲመጣ ታቢታ ቆማ ተቀበለችው፣ ይቅርታ ልትጠይቀውም ጀመረች። አስቆማት።

«መጀመሪያ የእኔ ነው ያልኩት ለስሜ ብዬ ነው» አላት። «እዚያ ማቆሚያው ላይ ስደርስ ነው ሌላው የገባኝ። ስለዚህ ግማሹን እንደ ሌባ፣ ግማሹን እንደ ባል ታሰርኩ በይ።»

ከዚያ ሌላ ስለ እስሩ አልተናገረም። ደብሪቱም ብትሆን ከዚህ የበለጠ አልሰማችም።

ዐሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ ፍቅሬ ወደ ኪነቱ እንዲመለስና አዲስ ዜማ እንዲያቀርብ ታዘዘ። በቀጠሮው ቀን ኮሚቴው ፊት ቆመ። ሰውየው ከኋላ ነው። ፍቅሬ አኮርዲዮኑን በደህናው ጆሮው በኩል አዘንብሎ ያዘና ተጫወተ። ማንም ሰምቶት የማያውቀው ዜማ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ ከማንም ቤት ያልወጣ። የሚቀጥለውን ጥያቄ መጠየቅ የታቢታ ሥራ ነው። መልሱን በረንዳው ላይ ነግራው ነበር፣ አምስት ቃል አይሞላም። ረጋ ብላ፣ ዜማው የማን ነው ስትል ጠየቀችው።

«ይሄኛው የእኔ ነው» አለ ፍቅሬ።

ከአባላቱ አንዱ ወንበሩን አንቀሳቀሰ። ታቢታ ወደ ኋላ አላየችም። እጅ ይወጣ አለች፣ የራሷንም አወጣች፣ ስሙም እንዲጠራ ተወሰነ።

ያን ሰሞን ደብሪቱ አሁን በሬ ይንኳኳል እያለች ጆሮዋን ጥላ ሰነበተች፤ ታቢታም ፒያሳ ላይ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር መርፌዋን ታቆም ነበር። ማንም አልመጣም። በበዓሉ ቀን ስሙ ተጠራ፣ ዜማው ተዘፈነ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። ሰውየው ግን ከዚያም በኋላ በየስብሰባው እየመጣ፣ ሁሉንም በትሕትና እየጨበጠ፣ የኋላውን አግዳሚ መያዙን አልተወም።