የጀግናው ሊዮንስ ምርመራ

በሴንት ሉሲያዋ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር በዴነሪ፣ ሊዮንስ የማይፈራው ነገር የለም የሚባል ሰው ነበር። ማዕበል አይፈራም፤ ጀልባው ሁለት ጊዜ ተገልብጣበት ሁለቱንም ጊዜ እየዋኘና እየተሳደበ ወጥቷል። ሻርክ አይፈራም። መንደሩ በሙሉ የሚንቀጠቀጥለትን የሚስቱን አባት ቶንቶን ኢግናስን («ቶንቶን» ጋሼ እንደ ማለት ነው) እንኳ አይፈራም። ይህ ሁሉ ጀግንነት ግን የጤና ጣቢያው በር ጋ ሲደርስ ቀጥ ይል ነበር።

የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ቨርጂኒ ወደ ዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር መጥታ ወጣቶቹ ገላቸውን ሲታጠቡ የዘር ፍሬያቸውን እየዳበሱ እብጠት ካለ እንዲያዩ አስተማረች። ሊዮንስ እጁን አወጣ።

«ሲስተር፣ እኔ በቀን ሦስቴ ነው የምፈትሸው። ሰርተፊኬት አትሰጪኝም?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከትምህርቱ የቀረለት ይኸው ቀልድ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ዕድሜ ልኩን ተጠቀመበት።

አርባዎቹን ሲያጋምስ አባቱ ሞተ። በምን? መንደሩ «ንፋስ መትቶት» አለ። ሕመሙ ሽንት ከልክሎት፣ አጥንቱን በልቶት እንደሞተ የሚያውቁት ሁሉ ንፋሱን አምርረው ረገሙ። ሲስተር ቨርጂኒ ብቻ ለቅሶው ላይ ጠጋ አለችው።

«አባትህን የወሰደው የፕሮስቴት ካንሰር ነው። የእንዲህ ያለ አባት ልጅ ሃምሳ እስኪሞላው አይጠብቅም። ና እንይህ።»

«እኔ ምኔን አሞኝ?»

«ሳያምህ ነዋ! ሳይቃጠል በቅጠል።»

«ሲስተር፣ እዚያ በኩል መውጫ እንጂ መግቢያ የለም» አላት። ለቀስተኛው ሁሉ ፊቱን በመሀረብ ሸፍኖ ሳቀ።

ስድስት ዓመት በዚህ ጥበብ አለፈ። በመጨረሻ የረታችው ሚስቱ ዩዶክሲ ናት። ዓሣ ስትሸጥ በገበያው መሀል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የኔ ባል? ሻርክ አይፈራም፤ መርፌ ነው የሚፈራው!» ማለት ጀመረች።

ሊዮንስ በማግስቱ ሄደ። ለድፍረት ሁለት መለኪያ ሩም ገልብጦ፣ ሊሰቀል የተፈረደበት ሰው ፊት ይዞ ገባ። ሲስተር ቨርጂኒ ከክንዱ ደም ቀዳችና «ጨርሰናል» አለችው።

«ምን? ይኸው ነው?»

«ሌላ ምን ፈልገህ ነበር?»

ይህን ያህል ዘመን የሸሸው ነገር ከትንኝ ንክሻ ትንሽ ከፍ ያለ መሆኑ አናደደው።

ደሙ ግን ቀልድ አያውቅም። የፕሮስቴቱ ምልክት ከፍ ብሎ ተገኘና ሊዮንስ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ካስትሪስ ተላከ። ያ የፈራው፣ በመቀመጫ በኩል የሚደረገው የጣት ምርመራም አልቀረለትም፤ የልጁ እኩያ የሆነች ሐኪም እሱ ቀልዱን ሳይጀምር ጨረሰችው። ቀጥሎ ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ሆነ። «ገና ከቤቱ፣ ከዕጢው አልወጣም፤ ዕጢው ተቆርጦ ይወጣል» አለችው ሐኪሟ።

ሊዮንስ ለማንም ሳይናገር ጀልባውን ይዞ ወጣ። ዳርቻው ሲርቅ ሞተሩን አጠፋና አለቀሰ። መረብም አልጣለም። ባዶ እጁን ሲመለስ ዩዶክሲ የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር አቀረበችለትና አጠገቡ ተቀመጠች።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ለጥቂት ወራት ግን ሽንቱ እያመለጠው ዳይፐር ታጠቀ። የዶሚኖ ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ እንደ ወንድም አዘኑለት፤ ማለትም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሌሎቹ ሲበተኑ፣ ከሁሉ በላይ የሳቀው ኤልቪየስ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ስማ… ያ ነገር ያማል እንዴ?»

«መጀመሪያ ደም ነው የሚቀዱህ፣ አንተ ፈሪ! ነገ ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ።»

አሁን ከሊዮንስ የሚያድን የለም። ዓሣ ሊገዛ የመጣ ወንድ ሁሉ ዕድሜውንና አባቱ በምን እንደሞተ ካልተናገረ አይመዘንለትም። በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ማንም ያልጠየቀው ቶንቶን ኢግናስ ክብሩ ተነካና፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በገዛ ፈቃዱ ካስትሪስ ሄደ። ሐኪሟ በአክብሮት፣ በዚህ ዕድሜ ምንም ሕመም ከሌለ ምርመራው ከጥቅሙ ጣጣው እንደሚበዛ አስረዳችው።

«አርጅተሃል ነው የምትይኝ?»

«ኧረ ቶንቶን፣ ደህና ነዎት ማለቴ ነው።»

«ደህና መሆኔንማ አውቃለሁ! የመጣሁት ልመረመር ነው» ብሎ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ተከትሎት የመጣው ሊዮንስ በስንት ልመና አስወጣው።