በአንድ ዐይን የታየ ኮከብ

አገሬ ወሎ ነው፤ አሁን ጌዶ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ግራ ዐይኔን በልጅነቴ እሾህ ወግቶት ጠፍቷል። እናቴ ከጠበል ጠበል ይዛኝ ብትዞርም የእግዚአብሔር ፈቃድ አልሆነም፤ በቀረኝ ዐይን እያመሰገንኩ አደግኩ። አምቦ ኮሌጅ ስገባም ይህን ያህል አልከበደኝም። የከበደኝ ጊንጪ ነው።

ጊንጪ የተላክሁት ለማስተማር ልምምድ ነበር። የሚገመግመኝ መምህር ካላሳለፈኝ አልመረቅም። ኅዳር ላይ ሊያየኝ መጣ፤ ርዕሱንም የመረጠልኝ እሱ ነው፦ የቅርብ ከዋክብት ርቀት እንዴት እንደሚለካ። መጽሐፉ ጣትህን ከፊትህ ዘርጋ፣ በአንዱ ዐይን ከዚያም በሌላው እይ ይላል፤ ጣቱ ከሰሌዳው አንጻር ሲዘል ይታያል።

ገምጋሚዬ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ "እስቲ አንቺ አሳያቸው" አለኝ።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሳቁ ግን በኦሮምኛ መጣ። "ኢጃ ቶኮ" አለ አንዱ፣ አንድ ዐይን ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ ቲቸር ያንን ከጨፈነች በምን ልታየን ነው ብሎ ጠየቀ። ገምጋሚዬ አልቆጣቸውም፤ አብሮ ሳቀ።

ይህ እንደሚመጣ ስለማውቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ከመስኮቱ ግራ ጠርዝ ቆሜ የባንዲራውን እንጨት ከማዶው ኮረብታ ጋር አየሁት፤ ወደ ቀኝ ጠርዝ ሄጄ ደግሜ አየሁት። እንጨቱ ኮረብታው ላይ ቦታ ቀይሯል። ልጆቹንም አንድ ዐይናቸውን በእጃቸው አስከድኜ እንዲሁ አሳየኋቸው። ሰማይ የሚለኩ ሰዎችም እንዲህ ናቸው አልኳቸው። ዛሬ አንዲት ኮከብ ያያሉ፤ ከዚያ ስድስት ወር ይጠብቃሉ። ምድር ተሸክማ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ስታደርሳቸው ያችኑ ኮከብ ደግመው ያያሉ። ከኋላዋ ካሉት አንጻር ጥቂት ፈቀቅ ካለች፣ ፈቀቅ ባለችበት መጠን ርቀቷን ያሰላሉ። የቅርቧ ይበልጥ ፈቀቅ ትላለች፤ ጭራሽ ንቅንቅ ካላለች ግን መለኪያቸው አይደርስባትም።

ደወል ተደውሎ እንኳ ልጆቹ ከመስኮቱ አልለቀቁም። ገምጋሚዬ ግን በረንዳ ላይ ጠራኝ።

"ትምህርቱ ልክ ነው" አለኝ። "ልጆቹ ግን ሲያዩ የዋሉት ኮከብ ሳይሆን ያንቺን ፊት ነው። አንቺን ማየት ደግሞ ደስ አይልም።"

ጣለኝ፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ተመለሺ ተባልኩ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ክፉ አልመለስኩለትም። እመቤቴ ፊት አልቅሼ ተውኩት።

ግንቦት ላይ ያው ክፍል፣ ያው ሰው፣ ያው ርዕስ። ኅዳር ላይ ጤፍ የታጨደበት ማሳ ለዘር ታርሷል። ስድስት ወር ሙሉ ልቡን እንዲያራራልኝ ጸልያለሁ። ልጆቹ ጸጥ እስኪሉ ጠበቀና፣ "እስቲ ዐይንሽን ጨፍነሽ አሳያቸው" አለኝ።

በዚያን ቀን ከልጆቹ የሳቀ አልነበረም። እሱ ብቻውን ሳቀ።

በረንዳው ላይ ማለፊያ ውጤት ሰጥቶ ፈረመልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እጅ ነሳሁ።

"አታመስግኚኝ" አለ። "ሦስተኛ ጊዜ እንዳላይሽ ብዬ ነው።"

ከፀሐይ ወዲህም ከፀሐይ ወዲያም ሆኜ አይቼዋለሁ። ንቅንቅ አላለም።