ላት የጠጣው ምንሽር

ዛሬ መንዝ፣ ዘመሮ ላይ ሙሽሪትን በተኩስ ልንቀበል ወጥተን፣ ምንሽሩ አልተኩስ ብሎ ውሻ ሰበሰበ።

ምንሽሩ የአያቴ የድሮ ጠመንጃ ነው። አጎቴ ጋሼ ጌታነህ ለልጃቸው ሰርግ ብለው ጾሙን ሙሉ ዝገቱን በአመድ ሲፈትጉ፣ የተሰነጠቀ ሰደፉን ሲጠግኑ ከረሙ። የሞተር ዘይት ላምጣ ብላቸው «የአባቴን መሣሪያ አይሱዙ አደረግኸው?» ብለው ተቆጡኝ።

ትናንት ከታረደው በግ ላቱን አቅልጠው ቀቡት።

የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ። ላቱ ሲረጋ አደረ። ሙሽሪት ደጅ ስትደርስ ጋሼ ጥይት ሊያጎርሱ ቢሉ መቀርቀሪያው ንቅንቅ አልል አለ።

«ሳይተኮስ ሙሽራ ቤቴ አትገባም» ብለው ልጅቷን ነፋስ ላይ አቁመው፣ ምንሽሩን ሊያሞቁ ወደ ምድጃ ሮጡ።

ላቱ ሲቀልጥ የጥብስ ሽታ ዳሱን ሞላው። እንግዳው ተነስቶ እጁን መታጠብ ጀመረ። የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጋሼን ተከትሎ ወጣ።

በመጨረሻ ተኮሱ። እልልታው ቀለጠ፣ ውሾቹ ተበተኑ፣ ሙሽሪት እየተንቀጠቀጠች ገባች።

ሚስታቸው እትዬ አስካለ ከጓዳ ብቅ ብለው «ስፈልገው ያደርኩትን ላት ተኮሱት?» አሉ።

መሐል ሜዳ ከተማ ገብቼ ኔትወርክ ሳገኝ ነው የጻፍኩት። እናንተ ዘንድ የድሮ ጠመንጃ ምን ይቀባል? ቶሎ ንገሩኝ፤ ጋሼ ለታናሽየው ሰርግ ቅቤ እያሰቡ ነው፣ እትዬም የጓዳውን ቁልፍ ከአሁኑ አንገታቸው ላይ አስረውታል።